የቲኤክስቲ ሪከርድ ኮዳችሁ ውስጥ ተቆርጦ ሲመጣ፦ ከምርመራ እስከ ማስተካከል

«ዲግ ላይ ሙሉው ይታያል፣ ኮዴ ውስጥ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚመጣው። ምኑን አበላሸሁት?» ይህ ጥያቄ አሁንም አሁንም ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ቲኤክስቲ ሪከርድ ነው፣ ማለትም በዲኤንኤስ (በዶሜይን ስሞች መዝገብ) ከአንድ ስም ጋር ስለሚቀመጥ ጽሑፍ፤ ዲግ ደግሞ ያንን መዝገብ ከተርሚናል የሚጠይቅ ትዕዛዝ ነው። አንዱ በፒኤችፒ ይሠራል፣ ሌላው በኖድ፣ ሌላው በሲ። ጥያቄው ግን ያው ነው፣ መልሱም ያው። በየጊዜው ቆራርጬ ከምመልስ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ልጻፈው ብዬ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የኢሜይል ፊርማ ቁልፍ፣ ማለትም የዲኬአይኤም ቁልፍ፣ ከ1024 ቢት ወደ 2048 ቢት ይቀየራል። ሪከርዱን እያነበበ ያለምንም ኮሽታ ሲሠራ የነበረው ፈንክሽን በዚያው ቀን ቁልፉን «ልክ አይደለም» ማለት ይጀምራል። ኮዱን ማንም አልነካውም። የተቀየረው የጽሑፉ ርዝመት ነው። የ1024 ቢት አርኤስኤ ቁልፍ ሲጻፍ 216 ፊደል ይሆናል፤ ከፊቱ የሚቀመጠው መግቢያ 18 ፊደል ነው፣ ድምሩ 234። የ2048 ቢቱ ግን 392 ነው፣ ከመግቢያው ጋር 410። በ234 እና በ410 መሀል 255 የሚባል ወሰን አለ። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ የቲኤክስቲ ሪከርድ አንድ ወጥ ጽሑፍ አይደለም፣ የተሰለፉ ቁራጮች ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢበዛ 255 ባይት ይይዛል። ፈንክሽናችሁ የመጀመሪያውን ቁራጭ አንብቦ «ጨረስኩ» ካለ፣ ወይም ቁራጮቹን በተሳሳተ መንገድ ከለጠፋቸው፣ የምታገኙት የተበላሸ ጽሑፍ ነው።

የትዕዛዝና የፈንክሽን ስሞችን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮድ ላይ ስትጽፏቸው እንደተለመደው በላቲን ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ሪከርድ ልትጨምሩበት የምትችሉት ዶሜይን። አንድ ንዑስ ዶሜይን ለሙከራ ለዩ። ኢሜይል የሚያልፍበትን ዋናውን ስም አትንኩ።
- ተርሚናልና ዲግ።
- የፈንክሽናችሁ ኮድ፣ ወይም የምትጠቀሙበት ላይብረሪ ሰነድና የቨርዥን ቁጥሩ።
- ዋየርሻርክ (በመረብ የሚያልፉ ባይቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ካላችሁ አሪፍ ነው። ከሌላችሁም ሥራው አይቆምም።

1. መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት ዲግን በቲኤክስቲ ዓይነትና «ፕላስ ሾርት» በሚለው አማራጭ ጠይቁ። የሚመጣውን መልስ በደንብ እዩት። አንድ መስመር ማለት አንድ ሪከርድ ነው። በአንድ መስመር ውስጥ በጥቅስ ምልክት የታጠረ ነገር አንድ ቁራጭ ነው። ስለዚህ «"…" "…"» ሆኖ ከታያችሁ ሪከርዱ አንድ ነው፣ ቁራጮቹ ሁለት ናቸው። በሁለት መስመር ከመጣ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሪከርዶች ናቸው። ይህችን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙልኝ፣ ደረጃ 7 ላይ እንመለስባታለን።

ዲግ ራሱ ግማሹን ብቻ ካሳየ ፈንክሽናችሁ ንጹሕ ነው። ሪከርዱ ሲገባ ነው የተቆረጠው። የጠየቃችሁት ሰርቨር አሮጌውን መልስ ይዞ ሊሆንም ስለሚችል፣ የ«ኤት» ምልክት አስቀድማችሁ ዶሜይኑን በቀጥታ የሚያስተናግደውን ሰርቨር ጠይቁ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ጤነኛ ኮድ ሲያክም ነው የሚውለው።

2. ባይቶቹን አንዴ በዓይናችሁ እዩ

እያንዳንዱ ቁራጭ በመረቡ ላይ ሲሄድ ከፊቱ አንድ የርዝመት ባይት አለው። ከዚያ ይዘቱ ይከተላል። ከዚያ የሚቀጥለው ቁራጭ ርዝመት፣ ከዚያ ይዘቱ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። የጥቅስ ምልክት የለም፣ በመሀል ክፍተት የለም፣ መጨረሻ ላይ የሚዘጋ ዜሮ የለም። ዲግ የሚያሳያችሁ ጥቅስና ክፍተት ለሰው ዓይን ሲባል የተጨመረ ነው።

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ ቃሉ 9 ባይት ነው። በአንድ ቁራጭ ሲላክ እንዲህ ይሆናል፦

9 · 225 136 176 · 225 136 139 · 225 136 157

ይኸው ቃል «ሰላ» እና «ም» ተብሎ በሁለት ቁራጭ ሲላክ፦

6 · 225 136 176 · 225 136 139 · 3 · 225 136 157

ያችን 3 ቁጥር እዩዋት። የቃሉ አካል አይደለችም፣ የሁለተኛው ቁራጭ ርዝመት ናት። የመጀመሪያውን ርዝመት ብቻ የሚያነብ ፈንክሽን «ሰላ» ብሎ ይቆማል። የመጀመሪያዋን ባይት ብቻ ዘሎ የቀረውን በጅምላ የሚወስድ ፈንክሽን ደግሞ 3ን እንደ ፊደል ቆጥሮ በ«ሰላ»ና በ«ም» መሀል የማይታይ ቆሻሻ ያስገባል። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ስክሪን ላይ ልክ ይመስላል።

3. የመሞከሪያ ሪከርዶች አዘጋጁ

በእውነተኛ ቁልፍ አትሞክሩ። 410 ፊደል የሆነ የተዘበራረቀ ጽሑፍ የት ላይ እንደተቆረጠ በዓይን መለየት አይቻልም። እነዚህን አስገቡ፦

- አጭር፦ አንድ ቃል፣ አንድ ቁራጭ።
- ረጅም፦ ከ0 እስከ 9 እየተደጋገመ የሚሄድ 300 አሃዝ፣ በ255 እና በ45 የተከፈለ። የመጨረሻውን አሃዝ አይታችሁ ብቻ የት እንደቆመ ታውቃላችሁ።
- ባዶ ቁራጭ መሀል ላይ ያለበት፦ «"ሀ" "" "ለ"»።
- በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሪከርዶች።
- ፊደል መሀል ላይ የሚሰበር፦ አሃዝ 1 ጻፉና 90 ጊዜ «ሰ» አስከትሉ። ድምሩ 271 ባይት ነው። 1 ባይትና 84 ፊደል 253 ይሞላሉ፤ የ85ኛው «ሰ» ሁለት ባይት ከመጀመሪያው ቁራጭ ጋር ይቀራል፣ ሦስተኛው ባይት ወደ ሁለተኛው ይሻገራል።
- ሲኔም (አንዱን ስም ወደ ሌላ ስም የሚያዞር ሪከርድ) የሚያልፍበት፦ አንድ ስም በሲኔም ወደ ሌላ ስም ይጠቁም፣ ቲኤክስቲው እዚያኛው ላይ ይቀመጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ የዶሜይን ማስተዳደሪያ ገጾች ረጅሙን ራሳቸው ይከፍሉታል፣ አንዳንዶቹ የጥቅስ ምልክታችሁን የይዘቱ አካል አድርገው ይወስዱታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ካስገባችሁ በኋላ በዲግ አረጋግጡ። የአማርኛው ሪከርድ ዲግ ላይ «\225\136\176» እየተባለ በቁጥር ቢመጣ አትደንግጡ፤ ያው «ሰ» ነው።

4. ፈንክሽናችሁ ምን እንደሚመልስ ዕወቁ

እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አመል አለው። ግማሹ ችግር የሚፈጠረው ፈንክሽኑ ስህተት ስለሠራ ሳይሆን፣ የመለሰውን ነገር እኛ በሌላ መንገድ ስለተረዳነው ነው።

ኖድ ላይ «ሪዞልቭ ቲኤክስቲ» የሚመልሰው የዝርዝሮች ዝርዝር ነው። የውጪው ዝርዝር ሪከርዶቹን ይይዛል፣ የውስጡ የአንዱን ሪከርድ ቁራጮች። ከውስጡ ዝርዝር የመጀመሪያውን ብቻ የሚወስድ ኮድ ስንት ጊዜ እንዳየሁ! አጭር ሪከርድ ላይ ሁሌም ልክ ነው፣ ረጅም ሲመጣ ይቆርጣል። ጎ ላይ «ሉክአፕ ቲኤክስቲ» የአንዱን ሪከርድ ቁራጮች ራሱ ገጣጥሞ ይሰጣችኋል። ፓይተን ላይ በዲኤንኤስፓይተን የምትሠሩ ከሆነ «ስትሪንግስ» በሚለው ባሕርይ ቁራጮቹን በባይት ታገኛላችሁ፤ «ቱ ቴክስት» የሚለው ግን ለሰው ዓይን የተዘጋጀውን፣ ጥቅስና ክፍተት ያለበትን ነው የሚሰጠው። ፒኤችፒ ላይ «ዲኤንኤስ ጌት ሬኮርድ» በ«ቲኤክስቲ» ቁልፍ ሥር የተገጣጠመውን፣ በ«ኤንትሪስ» ሥር ደግሞ ቁራጮቹን ለየብቻ ይመልሳል።

የእናንተ ሌላ ከሆነ ረጅሙን ሪከርድ ስጡትና የመለሰውን ከነዓይነቱ አትሙት። ሰነድ ላይ ከተጻፈው ይልቅ የታተመውን እመኑ።

5. ባይቶቹን ራሳችሁ የምታነቡ ከሆነ ዙሩን (ሉፑን) እንዲህ ጻፉት

ይህ ደረጃ በሲ፣ ወይም በማንኛውም ቋንቋ ጥሬውን መልስ ለሚፈቱ ሰዎች ነው። ሌሎቻችሁ ወደ 6 እለፉ።

ሀ. ቦታን 0 አድርጉ።
ለ. ቦታ ከሪከርዱ ጠቅላላ ርዝመት እስካነሰ ድረስ ዙሩ።
ሐ. ቦታው ላይ ያለውን ባይት አንብቡ። የቁራጩ ርዝመት እሱ ነው።
መ. ቦታ ሲደመር 1 ሲደመር ርዝመት ከጠቅላላው ከበለጠ፣ ሪከርዱ የተበላሸ ነው። ስህተት መልሱና ውጡ።
ሠ. ይዘቱን ካለፉት ቁራጮች ኋላ ለጥፉ።
ረ. ቦታን በ1 ሲደመር ርዝመት ወደፊት ግፉና ወደ ለ ተመለሱ።

ተራ ይመስላል። ግን አራት ጉድጓድ አለው።

አንደኛ፣ የርዝመት ባይቱ ከ0 እስከ 255 ተደርጎ መነበብ አለበት። ሲ ላይ «ቻር» በብዙ ኮምፓይለሮች አሉታዊም ይይዛል፣ ጃቫ ላይ ባይት ሁሌም እንዲሁ ነው። እንዲህ ከሆነ 255 እንደ -1 ይነበባል። ዙሩ ወይ ባለበት ይሽከረከራል፣ ወይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከ127 በታች የሆነ ቁራጭ ላይ ምንም አይታይም፣ ለዚህ ነው በአጭር ሪከርድ የሞከረ ሰው የማያገኘው።

ሁለተኛ፣ ርዝመቱ 0 ሲሆን አትቁሙ። ባዶ ቁራጭ ሕጋዊ ነው። ከኋላው ሌላ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ የዶሜይን ስም የሚያነበውን ፈንክሽን ለቲኤክስቲ አታውሱት። ሁለቱም በርዝመት ባይት ስለሚጀምሩ ያጓጓል። ስም ላይ ግን አንዱ ክፍል ከ63 አያልፍም፤ 192ና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ደግሞ «ወደ ሌላ ቦታ ሂድ» የሚል ጠቋሚ ነው። ቲኤክስቲ ላይ 200 ማለት 200 ባይት ማለት ብቻ ነው።

አራተኛው መ ላይ ያለው ፍተሻ ነው፣ እዚህ ላይ አደራ። ርዝመቱን የሚልከው ማንም የማያውቀው የውጭ ሰርቨር ነው። 10 ባይት ልኮ «ርዝመቱ 250 ነው» ቢላችሁስ? ፍተሻው ከሌለ ፈንክሽናችሁ ከሪከርዱ ውጪ ያለ ሜሞሪ ይነካል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። በ2014 የፒኤችፒው «ዲኤንኤስ ጌት ሬኮርድ» ላይ በቲኤክስቲ አፈታት በኩል ሜሞሪ የሚያጥለቀልቅ ቀዳዳ ተገኝቶ በደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ሲቪኢ-2014-4049 ተብሎ ተመዝግቧል። ሆን ተብሎ የተበላሸ አንድ ሪከርድ መላክ ይበቃ ነበር።

6. ቁራጮቹን ያለ ክፍተት ግጠሙ፣ መጀመሪያ በባይት

በመሀል ምንም አትጨምሩ። ክፍተት አይደለም፣ ኮማ አይደለም፣ አዲስ መስመርም አይደለም። የኤስፒኤፍ (የዶሜይኑን ኢሜይል መላክ የሚችሉ ሰርቨሮችን የሚዘረዝር ሪከርድ) ደንብ አርኤፍሲ 7208 እና የዲኬአይኤም ደንብ አርኤፍሲ 6376 ሁለቱም ይህንኑ ነው የሚያዝዙት። የኤስፒኤፍ ሪከርድ የአንድ ሰርቨር ስም መሀል ላይ ተከፍሎ ሊመጣ ይችላል። በክፍተት ከገጠማችሁት አንዱ ስም ሁለት ትርጉም የለሽ ቃል ይሆናል፣ ኢሜይሉም ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

የዚህ ግልባጭ የሆነ ስህተትም አለ። ሪከርዱን ያስገባው ሰው «አይፒ4:192.0.2.1» ብሎ ቁራጩን ዘግቶ፣ የሚቀጥለውን ቁራጭ «ኢንክሉድ:» ብሎ ከጀመረና በመሀል ክፍተት ካልተወ፣ ሲገጠም «192.0.2.1ኢንክሉድ:» ይሆናል። ይህ የአስገቢው ጥፋት ነው። ፈንክሽናችሁ «ላግዘው» ብሎ ክፍተት መጨመር የለበትም፤ ለአንዱ ስትጠግኑ ትክክለኛውን ታበላሻላችሁ። ባለቤቱን ንገሩትና የመጀመሪያው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ክፍተት ያስገባ።

ከዚሁ ጋር፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ጫፍና ጫፉን «ትሪም» አታድርጉት፣ ማለትም ጫፎቹ ላይ ያለውን ክፍተት አትቁረጡ። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ የፈጀሁት በዚህች ነው። ዙሩ ልክ ነበር፣ አገጣጠሙም ልክ ነበር። አንድ ሰው ከብዙ ጊዜ በፊት ቁራጮቹ ላይ «ትሪም» ጨምሮ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የነበረችው ክፍተት የይዘቱ አካል መሆኗን ሳያውቅ። ማታ ጀምሬ ያገኘኋት ሊነጋ ሲል ነው፣ እሷንም ያገኘኋት ባይት በባይት ስቆጥር ነው።

ወደ ጽሑፍ መቀየር፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8ን መፍታት፣ ከገጠማችሁ በኋላ ይሁን። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ከፈታችሁ ደረጃ 3 ላይ ያዘጋጀነው 85ኛው «ሰ» በሁለት ቦታ ተሰብሮ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው አልማዞች ይሆናል። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚሞክር ሰው ይህ ስህተት በፍጹም አይታይም።

7. ሪከርዶቹን ግን አትቀላቅሉ

ቁራጮች ይገጠማሉ፣ ሪከርዶች አይገጠሙም። አንድ ስም ላይ አንዱ ቲኤክስቲ ለኤስፒኤፍ፣ ሌላው ለባለቤትነት ማረጋገጫ፣ ሦስተኛው ለሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ሕብረቁምፊ (ስትሪንግ) የሚያፈስ ፈንክሽን ለማንም አይጠቅምም።

ቅደም ተከተላቸውንም አትመኑ። ሰርቨሩ ዛሬ በአንድ ተራ፣ ነገ በሌላ ተራ ሊልካቸው ይችላል። ስለዚህ «የመጀመሪያውን ሪከርድ ውሰድ» የሚል መስመር ካላችሁ አጥፉት፤ የምትፈልጉትን በመግቢያው ለዩት። ስትለዩትም በጥንቃቄ፦ «ቪ=ኤስፒኤፍ1» ከሚለው ቀጥሎ ወይ ክፍተት ወይ መጨረሻ መሆኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ «ቪ=ኤስፒኤፍ10» ያለውም ያልፋል። ሁለት የኤስፒኤፍ ሪከርድ ካገኛችሁ አንዱን መርጣችሁ አትቀጥሉ። በደንቡ መሠረት ይህ ቋሚ ስህተት ነው፣ እንደ ስህተት ይመለስ።

መልሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቲኤክስቲ እንዳልሆነም አስታውሱ። ስሙ ሲኔም ካለው፣ ከቲኤክስቲው ጋር የሲኔም ሪከርድም አብሮ ይመጣል። የሪከርዱን የዓይነት ቁጥር ፈትሹ፦ ቲኤክስቲ 16 ነው፣ ሲኔም 5። ይህን የማይፈትሽ ፈንክሽን የዶሜይን ስምን እንደ ጽሑፍ ይፈታዋል።

8. መልሱ ራሱ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ

እስካሁን ያየነው ሙሉ መልስ ከደረሰ በኋላ ያለውን ነው። አንዳንዴ መልሱ መንገድ ላይ ነው የሚያጥረው። በቀድሞው አሠራር በዩዲፒ (ዲኤንኤስ በተለምዶ በሚላክበት መንገድ) የሚመጣ መልስ ከ512 ባይት አያልፍም። አሁን በኢዲኤንኤስ (በዲኤንኤስ ማራዘሚያ) ከዚያ በላይ መቀበል ይቻላል፣ ብዙዎች የሚጠቀሙት 1232 ባይት ነው። ከወሰኑ ሲያልፍ ሰርቨሩ «ቲሲ» የምትባለውን ምልክት ያበራል፣ ትርጉሟም «ይህ ሙሉ አይደለም፣ በቲሲፒ ጠይቀኝ» ነው። ምልክቷን የማያይ ፈንክሽን ያገኘውን ይዞ ይሄዳል።

አንድ የ2048 ቢት ቁልፍ 412 ባይት ነው፣ 410 ይዘቱና 2 የርዝመት ባይቶች። የመልሱ ራስጌና ስሙ ሲጨመሩ ለ512 ይቀርባል። ጥቂት ቲኤክስቲ የተደራረበበት ስም ደግሞ በቀላሉ ያልፈዋል። ዲግን «ፕላስ ቲሲፒ» ብላችሁ ጠይቁ። ካልመለሰ ፋየርዎል በ53 ቁጥር በር ላይ ቲሲፒን ዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢስተካከል አይሠራም። ሲ ላይ «ሬስ ኩዌሪ» የምትጠቀሙ ደግሞ የሚመልሰውን ቁጥር ከበፈራችሁ (መልሱ ከሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) መጠን ጋር አወዳድሩ፤ ከበለጠ፣ ያላችሁ ግማሽ መልስ ነው።

9. «የለም»ን ከ«አልተሳካም» ለዩ

ሰርቨሩ ሲበላሽም፣ ሪከርዱ በእርግጥ ሳይኖርም ባዶ ዝርዝር የሚመልስ ፈንክሽን አደገኛ ነው። በምላሽ ኮድ 3 ማለት ስሙ የለም ማለት ነው፣ 2 ማለት ሰርቨሩ አልቻለም ማለት ነው። ኮዱ 0 ሆኖ ቲኤክስቲ ከሌለ፣ ስሙ አለ፣ ቲኤክስቲ ግን የለውም። 2 ሲመጣ ቆይቶ እንደገና መጠየቅ ይገባል፣ «ሪከርድ የለውም» ብሎ መደምደም አይገባም።

10. በቁጥር ፈትኑ

የደረጃ 3ን ሪከርዶች ሁሉ በፈንክሽኑ አሳልፉ። በዓይን «ልክ ይመስላል» አይበቃም። የባይት ርዝመቱን አወዳድሩ፦ ረጅሙ 300፣ የአማርኛው 271 ባይት፣ ወደ ጽሑፍ ሲፈታ ደግሞ 91 ፊደል። 301 ከመጣ መሀል ላይ አንድ ነገር ጨምራችኋል። 255 ከመጣ ሁለተኛው ቁራጭ ቀርቷል። ሦስቱ ሪከርዶች ሦስት ሆነው መምጣታቸውን፣ ባዶ ቁራጭ ያለበት «ሀለ» መሆኑን እዩ። ፈተናዎቹን ከኮዱ ጋር አስቀምጧቸው፣ ነገ ላይብረሪው ሲታደስ መልሳችሁ ታሂዷቸዋላችሁ።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

የዲግን ውጤት በኮድ አንብቦ የጥቅስ ምልክቶቹን መሰረዝ። ይዘቱ ውስጥ ራሱ ጥቅስ ካለ ዲግ «\"» አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ የግዕዙ ደግሞ በቁጥር ነው የሚመጣው። ሁሉንም መልሶ መፍታት የራሱ የሆነ ሥራ ነው፣ ላይብረሪ ተጠቀሙ።

ይዘቱን ወደ ትንሽ ፊደል መቀየር። የዶሜይን ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ የለውም፣ የቲኤክስቲ ይዘት ላይ ግን አለው። ቁልፉ ወዲያው ይበላሻል።

255ን እንደ ፊደል መቁጠር። ባይት ነው። በአማርኛ ከሆነ 85 ፊደል ብቻ ነው የሚገባው።

የመጨረሻው ከኮዱ ውጪ ነው ያለው። ፈንክሽኑ ተስተካክሎ፣ ፈተናው ሁሉ አልፎ፣ ሪከርዱ አሁንም 255 ላይ ተቆርጦ ከታየ፣ ውጤቱ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ክፈቱ። ዓምዱ «ቫርቻር 255» ተብሎ የተሠራ ከሆነ ቆራጩ እሱ ነው።